ያልተጫነ አዝራር

ባሌን እናቱ «አዝራር» ነው የሚሉት። ስሙን ያወጡለት ሥራው ምን እንደሆነ ደጋግሞ አስረድቷቸው አልገባ ሲላቸው ነው። «በቃ፣ ገባኝ» አሉት በመጨረሻ፤ «እኔ ልብስ ላይ እተክላለሁ፣ አንተ ስልክ ላይ ትተክላለህ።» ዕድሜያቸውን ሙሉ የተማሪ ዩኒፎርም ሲሰፉ የኖሩ ሴት ናቸው። ከዚያ ወዲህ ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄም እንደ እኔ አዝራር ተካይ ነው» ይላሉ፤ እሱም አብሮ ይስቃል፤ ጆሮው ግን ይቀላል። ባሌ የሚያፍረው በጆሮው ነው። ፊቱ ምንም አይናገርም። ጆሮውን ግን ካገባሁት ጀምሮ ሳነበው ኖሬያለሁ።

ሥራው እንዲህ ነው። አንድ ድርጅት ድረ ገጽ ያሠራል፣ ማስታወቂያ ያስነግራል። ሰው ማስታወቂያውን ተጭኖ ይመጣና ገጹን አየት አድርጎ ይሄዳል። ለምን ሄደ? ባሌ የሚቀጠረው ለዚህ ጥያቄ ነው። እነሱ ላንዲንግ ፔጅ የሚሉትን፣ እንግዳው መጀመሪያ የሚያርፍበትን ገጽ፣ ሰው አይቶ የማይሸሸው እንዲሆን ያበጃል። እኔ ደጃፍ እለዋለሁ። ደጃፍ ጠራጊ ነው ብል ግን ይቀየመኛል።

ቢሮው ከፎቶ ኮፒ ቤት በላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ ታች ያለው ማሽን በሠራ ቁጥር ወለሉ ይንቀጠቀጣል። እዚያ ተቀምጦ ድርጅቱ ራሱን ያሞገሰበትን ዓረፍተ ነገር ሁሉ ይቆርጣል። «ከተመሠረትንበት ጊዜ ጀምሮ በላቀ ጥራት» የሚለው ይሰረዛል፤ የት እንደሆኑና ስንት ሰዓት እንደሚከፍቱ የሚናገረው ከሥር ተነሥቶ ላይ ይወጣል። ገጽ ሙሉ ጥያቄ ከነበረው ቅጽ ስምና ስልክ ብቻ ይቀራል። «ላክ» የሚለው አዝራር «ቀጠሮ ያዙልኝ» ይሆናል። የጎብኚዎች ጣት የት ላይ እንዳመነታ የሚያሳይ ፕሮግራምም አለው። የማያውቃት ሴት ስልኳን ግማሽ ድረስ ጽፋ ስትሰርዝ ያይና «ፈራች፤ ለምን እንደምንፈልገው አልነገርናትም» ይላል። የማያውቀው ሰው ጥርጣሬ እንዲህ ቶሎ ይገባዋል። የእኔ ኩርፊያ የሚገባው ግን በማግስቱ ነው።

ዋናው ዘዴው ሁለት ገጽ ማውጣት ነው። ከሚመጣው ሰው ግማሹ ነባሩን ያያል፣ ግማሹ አዲሱን፤ ለማን የትኛው እንደሚደርሰው ማሽኑ ዕጣ ይጥላል። ብዙ ሰው ያስጫነው ገጽ ያሸንፋል፣ የተሸነፈው ይነሣል። ጎብኚዎቹ ሁለት ገጽ መኖሩን አያውቁም፤ ቢያውቁ ፈተናው ይበላሻል። «ታዲያ ባልና ሚስት አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ሁለት ነገር እያዩ ሊጣሉ ነው?» ብዬ ስቄበት አውቃለሁ። እሱም ስቋል።

አማቴ የሚኖሩት ብቻቸውን ነው። የፊተኛዋ ክፍላቸው የስፌት ቤት ናት፤ መኪናቸው መስኮቱ ሥር ናት፤ ዚፕ የተበላሸበት፣ ሱሪ የረዘመበት የሰፈር ሰው ሁሉ ወደዚያች ክፍል ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ ልጃችንን ከትምህርት ቤት የሚያመጡልን እሳቸው ነበሩ። ልጅቷ ቁርጥራጭ ጨርቅ መሐል ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራለች፣ እሳቸው እየሰፉ ያስነብቧታል። ሁለቱም በዚህ የሚደሰቱትን ያህል በሌላ ሲደሰቱ አላየሁም።

የባሌን ታላቅ እህት «ኮሚቴ» እንላታለን፤ ብቻዋን ተሰብስባ ብቻዋን ስለምትወስን ነው። ክፉ ሰው አይደለችም። እናቷን ትወዳለች፤ ግን ለእሷ መውደድና ማስተዳደር አንድ ነው። አማቴ አንዴ ማንቆርቆሪያ ምድጃ ላይ ረስተው ካሳረሩ ወዲህ «እማዬ እኔ ጋ ትግባ፣ ቤቱ ይከራይ» የሚለው አጀንዳ ከኮሚቴው ጠረጴዛ ወርዶ አያውቅም። አማቴም ሁልጊዜ አንድ መልስ ነበራቸው፦ «ያሳረርኩት ማንቆርቆሪያ ነው፣ ቤት አይደለም።» በዚህች መልስ ስንት ጊዜ አሸንፈዋል።

እንግዲህ ባሌ አንድ የዓይን ክሊኒክ ደንበኛ ያዘ። ገጹን አበጃጀ፣ ሰው መምጣት ጀመረ፤ እሱ ግን አልበቃው አለ። ሠራተኛ ሰው በሥራ ቀን አይመቸውም፤ ቅዳሜ ጠዋት ቢከፈትስ? የክሊኒኩን ባለቤት፣ ሐኪሟን፣ መጠየቅ ነበረበት። ብትጠየቅ «ማን ይመጣል?» ትላለች፤ ስለዚህ ማን እንደሚመጣ መጀመሪያ ላሳያት ብሎ አሰበ። በእነሱ ሥራ ለዚህ የሚሆን ዘዴ አለ፤ የውሸት በር ይሉታል። ገና የሌለውን አገልግሎት እንዳለ አድርጎ ገጹ ላይ መጻፍ ነው። አዲሱ ገጽ ላይ በትልቁ «ቅዳሜ ጠዋት ያለ ቀጠሮ ይምጡ» ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩ «ቅዳሜ እመጣለሁ» የሚል አዝራር ተከለ። የተጫነው ሰው «ይቅርታ፣ ይህን ገና አልጀመርንም፤ ስንጀምር እንድንደውልልዎ ስልክዎን ይተዉልን» የሚል ጽሑፍ ያገኛል። ስንት ሰው እንደተጫነ ይቆጠራል። ማንም አይጎዳም፤ የተጫነ ሁሉ እውነቱን እዚያው ያውቃል። ለሐኪሟም ሳይነግራት አወጣው፣ ውጤቱን ይዤ እነግራታለሁ ብሎ።

የዘነጋው አንድ ነገር ነው። እንደ እናቱ ያለ ሰው አይጫንም። ያነባል፣ ያምናል፣ ጫማውን አድርጎ ይሄዳል።

አማቴ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት እያስቸገራቸው ነበር፤ ኮሚቴ እንዳትሰማ ብለው ለማንም አልተናገሩም። ማስታወቂያው ደግሞ ለአካባቢው ጠና ላሉ ሰዎች እንዲደርስ ያቀናው ባሌ ራሱ ነው። ደረሳቸው። ዕጣው አዲሱን ገጽ አወጣላቸው። ቅዳሜን በልባቸው ይዘው ስልኩን አጠፉት። ባሌ ዓርብ ዕለት በቂ ሰው ስለተጫነለት ፈተናውን ዘጋና አዲሱን ገጽ አነሣው። እናቱ ቅዳሜ ጠዋት ጥሩ ሹራባቸውን ለብሰው ክሊኒኩ ደጅ ቆሙ።

የተነገረኝ እንዲህ ነው። ዘበኛው «እናቴ፣ እዚህ ቅዳሜ ተከፍቶ አያውቅም» አላቸው። «ተጽፏል እኮ፣ ልጄ» አሉት። ደግ ሰው ነው፤ ስልኩን አውጥቶ ገጹን ፈለገላቸው። ቅዳሜ የሚል የለም። እሳቸውም የራሳቸውን አወጡ። ላይ ወጡ፣ ታች ወረዱ፣ ዘግተው ከፈቱ። የለም። እዚያው በቆሙበት መልሰው መላልሰው ሲፈልጉ ዘበኛው አዘነላቸውና «ልጅ አለዎት? ልደውልልዎ?» አላቸው። የሰጡት የኮሚቴን ቁጥር ነው፤ በቃላቸው የሚያውቁት እሱን ስለሆነ።

በማግስቱ ሁላችንም እሳቸው ቤት ተጠራን። ኮሚቴ ሻይ ቀድታ፣ ዳቦ ቆርሳ፣ ሁሉንም አስቀምጣ ጀመረች።

«እማዬ፣ የት ነው ያየሽው?»

«ስልኬ ላይ ነዋ።»

«እስቲ አሳዪን።»

«አሁን የለም።»

«የዘበኛውም ስልክ ላይ የለም፣ የእኔም ላይ የለም፣ ያንቺም ላይ የለም። ታዲያ ምኑን ነው ያየሽው?»

አማቴ የማንቆርቆሪያዋን መልስ የመሰለ ነገር ይፈልጉ እንደነበር ከአፋቸው ያስታውቅ ነበር፤ አልመጣላቸውም። ኮሚቴ ወደ ወንድሟ ዞረች። «አንተ የዚህ ሥራ ሰው ነህ። አንድ ገጽ ዝም ብሎ እንዲህ ይቀያየራል?»

ከዚህ የተሻለ ዕድል አይገኝም ነበር። ጥያቄው አፉ ድረስ መጥቶለታል። ባሌ ዳቦውን አየና «እንደ ሁኔታው ነው» አለ።

«ምን ማለት ነው እንደ ሁኔታው?»

«አይ... ብዙ ጊዜ አይቀያየርም።»

ጆሮው ቀልቶ አየሁት። እናቱ ሰው ፊት እንዲህ መጠየቃቸው አሳፍሮት ነው ብዬ እኔም ለእሱ አዘንኩለት፤ እጁን ከጠረጴዛው ሥር ያዝኩት። ዛሬ ሳስበው ያ እጄ ያንገበግበኛል። አማቴ ብርጭቋቸውን አስቀመጡና «ዓይኔ ነው ብዬ ነበር የሄድኩት» አሉ ቀስ ብለው፤ «ጭንቅላቴ ነው ለካ።» አጀንዳው በዚያው ጸደቀ፤ ወሩ ሲያልቅ ወደ ኮሚቴ ቤት ይገባሉ።

ሰው ራሱን መጠርጠር ከጀመረ ማስረጃ አያጣም። አማቴ ከዚያ በኋላ ልጃችንን ማምጣት አቆሙ። «መንገድ ላይ ብረሳትስ?» አሉኝ፤ ልጅቷ ግን በራቸው ላይ ቆማ አለቀሰች። ደንበኞቻቸውን መለሱ። አንድ ቀን ደውለው «ይሄን ሱሪ አሳጥሪው ነው ያሉኝ ወይስ ወገቡን አጥብቢው? ቆርጬ ባበላሽ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?» አሉኝ። ሄጄ ሳየው ሱሪው ላይ የወጉት ስፒል እግሩ ላይ ነበር፤ ያሉትን በደንብ ያውቃሉ፤ ግን ማወቃቸውን አላመኑትም። ጋዙን ዘግተው ደውለው እንደዘጉ ይነግሩኛል፣ ምስክር እንድሆናቸው። ሰፈር ውስጥም መታየት አፈሩ፤ ክሊኒኩ ደጅ የቆሙትን ሁሉም ያየ ይመስላቸዋል። ያች በአንድ መልስ ኮሚቴ የምትበትን ምላስ ተሰብስባ ገባች።

ባሌ በዚህ ጊዜ መልካም ልጅ ሆነ። ቧንቧቸውን ጠገነ፣ አምፖል ቀየረ፣ ፍራፍሬ ይዞ ሄደ። እህቱንም «ለምን ትቸኩያለሽ፣ ትንሽ እንያት» አላት፤ «አንተ ጋ ስላልሆነ የምትገባው ነው እንዲህ የምትለው» ብላ ዝም አሰኘችው። እኔ እንዴት ያለ ሆደ ቡቡ ልጅ ነው እል ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እሱም እንደዚያ ተስፋ አድርጎ ይሆናል፤ እያደረ ይጠራል ብሎ። የእኛ እውነት ግን እያደር ደፈረሰ።

ከዚያ አንድ መላ መጣለት። የሥራው መላ። የፈተናውን ውጤት ለሐኪሟ አሳያት፤ ቅዳሜ እንዲከፈት የሚፈልገው ሰው ብዙ ነበር። ሐኪሟ ደስ አላት። ዘዴውን ስትሰማ ፊቷን ብታጠቁርም ውጤቱ ጥሩ ስለነበር አለፈችው። ቅዳሜ እውነት ተከፈተ፤ ገጹም ላይ ተጻፈ። ባሌ እኔንና ልጃችንን ይዞ እናቱ ጋ ሄደ። ዕቃቸው ግማሽ ታሽጎ ነበር። ስልኩን ከፍቶ «እማዬ፣ እዪ፣ አለ። ተጽፏል። አንቺ ልክ ነሽ» አላቸው። እንዲህ ብሎ ሊገላገል ነበር፣ አንዲት ቃል ስለ ራሱ ሳይተነፍስ።

አማቴ ስልኩን ተቀብለው አነበቡት። ደግመው አነበቡት። «ከመቼ ጀምሮ?» አሉ።

«ከዚህ ሳምንት።»

«እኔ ያየሁት ግን በፊት ነው።»

«እሱማ አዎ፣ ግን ይኸው አለ እኮ።»

ስልኩን እንደሚያቃጥል ነገር መለሱለት። «ያልተጻፈ አነበብኩ፤ ከዚያ ተጻፈ። ልጄ፣ ይሄ ጤና ነው?» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለእህትህ እንዳትነግራት። መርሳቱን ችላልኛለች፣ ይሄን ከሰማች ሐኪም ቤት ታስተኛኛለች።»

ወደ ቤት ስንመለስ ባሌ ደረጃው ላይ ተቀመጠ፤ አልነሣም አለ። ልጅቷን አስገብቼ ተመለስኩና ምን ሆንክ አልኩት። ያኔ ነው የነገረኝ። ሁለቱን ገጽ፣ የውሸት በሩን፣ ዓርብ መዝጋቱን፣ የዳቦውን ጠረጴዛ። መሬት መሬት እያየ ነው የተናገረው። «ልነግራቸው ነበር» ይላል በየመሐሉ፤ «አፈርኩ። አንድ ቀን ሲያልፍ ደግሞ የዘገየሁበትም ያሳፍረኝ ጀመር። በየቀኑ ጨመረ።»

ተናደድኩ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲባል ሰምቼ ነበር፤ በእናት ላይ እንዲህ ሲላከክ አላየሁም ነበር። «የማታውቃት ሴት ስልኳን ስትሰርዝ ለምን እንደፈራች ይገባሃል» አልኩት፤ «እናትህ ልጄን እረሳታለሁ ብለው ሲፈሩ ግን አልገባህም?» ዓይኑን በጨው ያጠበ ሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር፤ ተሳድቤ ይወጣልኛል። እሱ ግን እፍረቱ የሚገድለው ሰው ነው፤ እፍረቱ ራሱ ነው አፉን የያዘው። የእኔ ባል በመሆኑ እኔም አፈርኩ። ቧንቧ ሲጠግን ያመሰገንኩት ሁሉ አሳፈረኝ።

«ነገ ጠዋት ዕቃው ሳይጫን እንሄዳለን» አልኩት።

ሄድን። ኮሚቴ የማሸጊያ ቴፕ ይዛ ካርቶን እያሸገች ነበር። አማቴ የስፌት መኪናቸው አጠገብ ተቀምጠዋል፤ መኪናዋ በአንሶላ ተጠቅልላ ታስራለች። ባሌ ቆሞ፣ ሳይቀመጥ፣ ሁሉንም ተናገረ። አልቀነሰም። ሐኪሟን አለመጠየቁን፣ ያን ቀን እህቱ ስትጠይቀው መዋሸቱን፣ ሁሉንም። ከዚያ ኮምፒዩተሩን ከፍቶ ሁለቱን ገጽ ጎን ለጎን አሳያቸው። «ይኸው፣ እማዬ። ያየሽው ይሄን ነው። ነበረ። አንቺ ምንም አልሆንሽም።»

አማቴ ጎንበስ ብለው አዩት። ፊታቸው ላይ ብርሃን አያለሁ ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ይሄን መቼ ሠራኸው?»

«ያኔ፣ ከቅዳሜው በፊት።»

«ወይስ ትናንት?» አሉት፤ ሲሉት ፈገግ ብለው ነው። «ትናንት ቅዳሜ ይከፈታል የሚል አንድ ገጽ ይዘህልኝ መጣህ። ዛሬ ደግሞ ሁለት ይዘህ መጣህ። አንተ የፈለግከውን ገጽ ትሠራለህ፣ ሥራህ ነው።»

«እማማ፣ እውነቱን ነው የሚነግርዎት» አልኩ እኔ።

«አንቺ መቼ ሰማሽ?»

«ትናንት።»

«ትናንት» አሉ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «ተመካክራችሁ ነዋ። እግዜር ይስጣችሁ፣ ልጆቼ።»

ኮሚቴ ቴፑን አስቀመጠች። ወንድሟን ትኩር ብላ አየችው፤ ጆሮውን እኔ ብቻ ሳልሆን እሷም ማንበብ እንደምትችል ያን ቀን ገባኝ። «እማዬ» አለች፤ እንዲህ ባለ ድምፅ ተናግራ አታውቅም፤ «እውነቱን ይመስለኛል። በቃ፣ ዕቃውን እንፍታው።»

«አንቺም ጀመርሽ?» አሉ አማቴ። ተነሥተው ልጃቸው ፊት ቆሙ፤ ጉንጩን በእጃቸው ያዙት። «ስማኝ። ለእናትህ ብለህ በራስህ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አታውራ፤ ሰው ቢሰማ ያምንሃል። እኔ ግን አውቅሃለሁ። ብርጭቆ ስትሰብር ሳልጠይቅህ መጥተህ የምትነግረኝ ልጅ ነበርክ። እናትህ አበድኩ ብላ ስትንቀጠቀጥ እያየህ፣ እያወቅህ፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ ዝም ትላለህ? እኔ ያሳደግኩት ልጅ ይሄን አያደርግም።»

ከዚያ እጃቸውን አወረዱና መኪናዋ ከባድ ስለሆነች ከሥሯ እንዲይዛት ነገሩት።

ባሌ እህቱን አየ፣ እኔን አየ። እናቱን ለማሳመን፣ አዎ፣ እያወቅሁ ዝም የምል ልጅ ነኝ ብሎ ፊታቸው መማል ነበረበት። ጎንበስ ብሎ መኪናዋን አነሣት።